ኤፍ-5 እና ለተማሪዬ በስህተት የመለስኩት ጥያቄ

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብበው፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

ይሄን የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጉንደ ወይን 10ኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሶማሊያ ወረራ እያስተማርኩ፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ራሺያና ኩባ ባይደርሱልን ኖሮ አለቀልን ማለት ነው?" አለኝ። ደወሉ ሊደወል ነው፣ ምዕራፉ አላለቀም፣ ፈተና ደርሷል። ብዙም ሳላስብ "አዎ፣ እነሱ ናቸው ያዳኑን" ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጁ "እሺ" ብሎ ተቀመጠ። ግን ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ አንድ ቤት ሄጄ ከአንድ የማከብራቸው አባት አጠገብ ተቀመጥኩ። በ1969 ዓ.ም. ከጎጃም ተመልምለው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው፣ ወደ ሐረር ግንባር የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ያንን ጥያቄ ለእሳቸው አቀረብኩት። "አያ፣ እውነት ኩባዎች ባይመጡ አንችልም ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "ኩባማ የመጣው በኋላ ነው ልጄ። እኛ እንደደረስን አውሮፕላን ሲመጣ የማን እንደሆነ አናውቅም፣ ሁላችንም መሬት ላይ እንተኛ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን መተኛቱን ተውነው። የሚመጣው የኛ ብቻ ሆነ።"

እቤቴ ገብቼ ቀኖቹን በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የገጠር ከተማ አስተማሪ ነኝ እንጂ ፓይለት አይደለሁም፣ የጦር ኤክስፐርትም አይደለሁም። ግን ቀን መቁጠር እችላለሁ። ቀኖቹ እኔ የመለስኩትን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን ነው የሚሉት። እስቲ ከአውሮፕላኑ እንጀምር።

አውሮፕላኑ ኤፍ-5 ይባላል። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች በየጊዜው እየገዘፉ፣ ዋጋቸውም እየናረ ነበር። ኖርዝሮፕ የሚባለው ኩባንያ መሐንዲሶች ግን የተገላቢጦሽ አሰቡ። ትንሽ፣ ቀላል፣ ዋጋው የማይጎዳ፣ መካኒኩ ቶሎ አስተካክሎ ወደ ሰማይ የሚመልሰው ጄት ብንሠራስ አሉ። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ሞተርም ተገኘ፤ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጄ-85። የሚገርመው ይሄ ሞተር መጀመሪያ የታሰበው ለተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተለቆ የጠላትን ራዳር ለሚያታልል ሰው አልባ ማታለያ ነበር። መሐንዲሶቹ ከዚህ ሞተር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጄት ሠሩበት።

የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ ጁላይ 30 ቀን 1959 በረረ፤ በዚያው በመጀመሪያ በረራው ከድምፅ ፍጥነት አለፈ። ከዚያው ንድፍ የተወለደው ቲ-38 የሚባለው የሥልጠና ጄት በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ቀድሞት በርሮ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ግን ኤፍ-5ን ለዋና ተዋጊነት ብዙም አልፈለገውም። እ.ኤ.አ በ1962 የኬኔዲ መንግሥት ለወዳጅ አገሮች በወታደራዊ ርዳታ የሚሰጥ አውሮፕላን አድርጎ መረጠው። በግልጽ ቋንቋ ለእንደኛ ዓይነት አገር የተሠራ ጄት ነው። ኢትዮጵያም አስመራ ላይ ለአሜሪካ የቃኘው ሻለቃ ጦር ሰፈርን ሰጥታ የምትኖርበት ዘመን ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ኤፍ-5ኤዎች እ.ኤ.አ በ1966 ቢሾፍቱ ደረሱ። ያኔ ስሟ ደብረ ዘይት ነበር።

ከዚያ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ መጣ። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ ኦገስት 11 ቀን 1972 ነው። ሞተሮቹ በረቱ፣ ራዳር ተገጠመለት፣ ክንፉም በጠባብ ቦታ እንዲታጠፍ ሆኖ ተስተካከለ። ርዝመቱ 14 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ከጥቂት ነው፤ ከአንድ መማሪያ ክፍል ብዙም አይበልጥም። አፍንጫው ላይ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት የሚይዙ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት። በክንፎቹ ጫፍ ደግሞ ሳይድዋይንደር የሚባሉ፣ የጠላትን ሞተር ሙቀት ተከትለው የሚሄዱ ሁለት ሚሳኤሎች ይሸከማል። ከፍተኛ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት 1.6 እጥፍ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። የዚያድ ባሬ ሶማሊያ ሚግ-17ና ሚግ-21 ከሶቪየት ኅብረት አግኝታ፣ በሶቪየት መምህራን አሠልጥና ነበር። ሚግ-21 ፍጥነቱ ከድምፅ ሁለት እጥፍ ያልፋል። ቁጥራቸውም ከኛ ይበልጣል፤ በኛ በኩል አዲሶቹ ኤፍ-5ኢዎች ከአስር አይበልጡም ነበር። በወረቀት ላይ ብቻ ካያችሁት፣ ፈተና ላይ ባወጣው አብዛኛው ተማሪ "ሚግ-21 ያሸንፋል" ብሎ ያከብብ ነበር።

ግን የአየር ውጊያ የሩጫ ውድድር አይደለም። ሁለት ጄቶች አንዱ የሌላው ጀርባ ለመግባት እየተጠማዘዙ ሲታገሉ ከድምፅ ሁለት እጥፍ መሮጥ ብዙም አይጠቅምም። ሚግ-21 በሦስት ማዕዘን ክንፉ አጥብቆ ሲታጠፍ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ አብራሪውም ወደ ኋላው አጥርቶ ማየት ያስቸግረዋል። ኤፍ-5 ትንሽ ስለሆነ በዓይን ለማግኘት ያዳግታል፣ ሲታጠፍ ደግሞ አጭር ቦታ ይበቃዋል። ይሄን ሶቪየቶች ራሳቸው በኋላ አይተውታል። ደቡብ ቬትናም እ.ኤ.አ በ1975 ስትወድቅ ከተማረኩት ኤፍ-5ኢዎች አንዱን ወስደው ከሚግ-21 ጋር በልምምድ ሲያገጥሙት ትንሹ ጄት በቅርብ ውጊያ አስቸገራቸው። አሜሪካኖቹም አብራሪዎቻቸው ሚግ-21ን መግጠም እንዲለምዱ፣ በልምምድ ላይ ጠላት ሆኖ የሚጫወተውን ሚና ለኤፍ-5 ሰጡት። "ቶፕ ጋን" የሚለውን የ1986 ፊልም ያያችሁ፣ እዚያ ላይ "ሚግ" ተብለው የሚታዩት ጥቁር ጄቶች እኮ ኤፍ-5 ናቸው።

እንግዲህ ጥሩ ጄት ነው። ጥሩ ጄት ግን ከመሬት ብድግ ብሎ ራሱን አያበርም። እኔ ለዚያ ልጅ ሳልነግረው የቀረሁት ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርት ቤት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ መጨረሻ ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ሲቋቋም መሪው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የሚባሉ ስዊድናዊ ካውንት ነበሩ። እኚህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ ያመላለሱ ናቸው። ሳፊር በምትባል ትንሽ የስዊድን የሥልጠና አውሮፕላን የኛን ልጆች ከዜሮ ጀምረው አስተማሩ። እሳቸው እ.ኤ.አ በ1956 ከሄዱ በኋላ አሜሪካኖች ተተኩ። ቲ-33 የሚባለው የማሠልጠኛ ጄት መጣ፣ ቀጥሎ ኤፍ-86፣ ቀጥሎ ኤፍ-5። ከየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣ ወጣት ደብረ ዘይት ይገባል፤ ፊዚክስና ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሜትሮሎጂ ይማራል። ከፊሉ አሜሪካ ሄዶ ይሠለጥናል። መካኒኩም፣ የራዳር ባለሙያውም፣ የመሣሪያ ቴክኒሽያኑም እንዲሁ። ይሄ 30 ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። መንግሥት ተለውጧል፣ ንጉሡ ወርደዋል፣ ያ የተማረ ሰው ግን አውሮፕላኑ ሥር ቆሞ ነበር።

አሁን ቀኖቹን አብረን እንቁጠር።

በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር ተቃቃረ። የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ርዳታ ቀነሰ፤ ደርግም በሚያዝያ 1969 ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። የመሣሪያው በር ተዘጋ ማለት ነው። አውሮፕላኑ የአሜሪካ፣ መለዋወጫው የአሜሪካ፣ ሚሳኤሉ የአሜሪካ! አስቡት እስቲ። በአገር ውስጥ ቀይ ሽብር ወጣቱን እየበላ ነው፣ ኤርትራ ውስጥ ጦርነት አለ። ዚያድ ባሬ ጊዜውን የመረጠው ይሄን ሁሉ አይቶ ነው።

ሐምሌ 1969 ሶማሊያ በመደበኛ ጦር፣ ወደ 250 ገደማ ታንክ ይዛ ገባች። ያኔ ቮን ሮዘን የ67 ዓመት ሰው ሆነው ኦጋዴን ውስጥ በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ በአውሮፕላን እህል ያደርሱ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በደረሰ ጥቃት ተገደሉ። የኛን አየር ኃይል ያስተማረው ሰው ጦርነቱ ሲጀመር በዚያው ምድር ወደቀ። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ።

በዚያው በሐምሌ የአየር ውጊያው ጀመረ። ለገሰ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ አፈወርቅ ኪዳኑ እና ሌሎች ጓዶቻቸው በኤፍ-5 ሚጎቹን ገጠሙ። ከቢሾፍቱ ጅጅጋ በቀጥታ መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከድሬዳዋ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኤፍ-5 ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ ድሬዳዋን ይዞ መቆየት የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። ካራማራ ላይ የነበረው ራዳር የጠላት አውሮፕላን ሲነሳ አይቶ ይጠራል፤ አብራሪው አቅጣጫውንና ከፍታውን በሬዲዮ ይቀበላል፤ ሚጉ ሳያየው ጀርባው ይገባል። ይሄ አንድ ጎበዝ ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። ራዳሩ ላይ የተቀመጠው፣ ሌሊት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያደረው፣ ሚሳኤሉን ክንፍ ላይ የሰቀለው ሁሉ ድርሻ አለው። ከውጭ መለዋወጫ በማይገባበት ሰዓት አውሮፕላኖቹ በየቀኑ መብረራቸው የቴክኒሽያኖቹ ታሪክ ነው። የነሱን ስም ግን ማናችንም አናውቅም።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው የሶማሊያ አየር ኃይል ሰማዩን አጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኤፍ-5ና ካንቤራ የሚባሉት ቦምብ ጣዮች በረሃ ላይ የተዘረጋውን የጠላት የስንቅ መስመር መምታት ጀመሩ። ታንክ ያለ ነዳጅ አይሄድም፤ ነዳጅ የጫነ መኪና ደግሞ ጥላ በሌለው በረሃ ላይ የት ይደበቃል? ነሐሴ 11 እና 12 ሶማሊያ ድሬዳዋን ለመያዝ ሞከረች፤ ከተማዋ አልተያዘችም። ያ አባት "መተኛቱን ተውነው" ያሉት እንግዲህ ይሄን ሰዓት ነው።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር ግን፣ ሰማዩን መያዝ ብቻውን መሬት አያስመልስም። መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋ ወደቀች፣ ካራማራም ተያዘ። እግረኛው ተዳክሟል፣ መድፍና ታንክ ያንሰናል። በኅዳር 1970 ዚያድ ባሬ ሶቪየቶችን ከአገሩ አባረረ። የሶቪየት መሣሪያ በአየር ወደ ኢትዮጵያ በገፍ መግባት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ15 ሺህ የማያንሱ የኩባ ወታደሮችም መጡ። እስራኤልም ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደሰጠች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 1978 በአደባባይ ተናግሯል። በመጨረሻም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። በዚህ ውስጥ የኩባና የሶቪየት ድርሻ ትልቅ ነው። የነሱን ደም የሚክድ ታሪክ አላስተምርም።

ነገር ግን ከሐምሌ እስከ ኅዳር አራት ወር አለ። እነዚያን አራት ወራት ማን ያዛቸው? ድሬዳዋን ማን አቆያት? ኩባ የመጣው ገና ያልወደቀ አገር ላይ ነው። እንዳይወድቅ ካደረጉት ውስጥ በሰማይ በኩል ያሉት ከደብረ ዘይት ትምህርት ቤት የወጡ የኛው ልጆች ናቸው፣ በምድር በኩል ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤቱ አባት ከእርፍና ከሞፈር ተነስተው የሄዱት። ለዚያ ተማሪዬ መመለስ የነበረብኝ ይሄን ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር፤ ግን አያልቅም። ለገሰ ተፈራ በዚያው ጦርነት አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። አገሩ የጀግና ሜዳይ ሰጠችው፤ እሱ ግን እቤቱ የገባው ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ፣ በ1980 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ላይ ሌላ ቀን አለ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የዚያው አየር ኃይል ሚጎች ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ላይ የገበያ ቀን ቦምብ ጣሉ። ገበያ የወጣ ሕዝብ አለቀ። ድሬዳዋን የጠበቀ ተቋም በ11 ዓመቱ የራሱን ሕዝብ ገበያ መታ። ተማሪዎቼ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ነግሬያችሁ ሁለተኛውን ብደብቃችሁ አስተማሪ አልሆንም። አብራሪው ትእዛዝ ይቀበላል፣ ትእዛዙን የሚሰጠው ግን መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ጥያቄው ሁሌም ጄቱ ወደ ማን ነው የተላከው የሚለው ነው።

ይሄን የምለው ለምን እንደሆነ የኛ አካባቢ ሰው ይገባዋል። ዛሬ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልጆቻችን እንደ ድሮ ልጆች ቀና ብለው አያጨበጭቡም። እናቶች ስማቸውን እየጠሩ ወደ ቤት ያስገቧቸዋል። ከዚህ በላይ አልልም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። ያ ሰማይ በአንድ ሌሊት አልተያዘም ብያችኋለሁ። 30 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ፊዚክስ አስተምሯል፣ አንድ ልጅ ተምሯል። በ1969 የተበላው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተዘራው ነው። ታዲያ እኛ አሁን ምን እየዘራን ነው? በክልላችን ስንት ክፍል ባዶ ሆኖ ከረመ፣ ስንት ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ከብት ጥበቃ ወይም ስደት ሄደ? የዛሬ 20 ዓመት ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መካኒኩ ሲጠፋ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንዳንፈልግ። ቀኖቹን መቁጠር ነው።

በመጨረሻ፣ አንተ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ፣ የት እንዳለህ አላውቅም። ይሄ ጽሑፍ በሆነ ሰው ሼር ደርሶህ ካነበብከው፣ ያን ቀን መልሴ ልክ አልነበረም። ጥያቄህ ከመልሴ ይበልጥ ነበር። ደወሉ ሊደወል ነው ብዬ ስላቻኮልኩህ ይቅርታ። ትምህርትህን አቋርጠህ ከሆነ፣ በቻልከው መንገድ ተመለስ። የማታም ቢሆን፣ የርቀትም ቢሆን።

ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በ1969 እና 70 ምሥራቅ ግንባር ዘምተው ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። የት ነበሩ፣ ምን አዩ፣ ሰማዩን እንዴት ያስታውሱታል? የነገሯችሁን በደብተር ጻፉት፣ ወይም በስልካችሁ ቅረጹት። እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱብን ነው። ያልተጻፈ ታሪክ ደግሞ እንደኔ ያለ የቸኮለ አስተማሪ እጅ ላይ ይወድቃል።

የተሳሳትኩት ካለ ኮመንት ላይ አርሙኝ፣ አልቀየምም።

ቸር ያሰማን።